ለ95 ሰው የእንቁጣጣሽ ማዕድ በመዋጮ፦ ማን ምን ያህል ያምጣ?

አደይ_ሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለ2019 እንቁጣጣሽ 24 ቤተሰብ ሆነን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አዳራሽ ልንከራይ ነው። አዋቂ 70፣ ልጅ 25 ያህል እንሆናለን። ከሬስቶራንት ማዘዙን ትተን እያንዳንዱ ቤት የአቅሙን ሠርቶ ይምጣ ተባብለናል። ቴሌግራማችን ላይ «ምን ታመጣላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ እስካሁን ዘጠኝ ሰው ሰላጣና ምስር ብሏል፤ እንጀራ ያለ አንድም የለም። ዶሮ ወጥ እንሠራለን ያሉ ሦስት ናቸው፣ ግን ስንት ዶሮ እንደሚበቃ የሚያውቅ ጠፋ።

አዳራሹ አርብም ቅዳሜም ክፍት ነው፤ አርብ ዋጋው ይቀንሳል። የምንይዘው ከ4 ፒኤም እስከ 10 ፒኤም ነው። ወጥ ቤት የሚሉት ክፍል ፍሪጅና ማጠቢያ አለው እንጂ ምድጃ የለውም። ከመሃላችን አራት ቤተሰብ ሙስሊም ናቸው። ቡናም በሥርዓቱ ይፈላ የሚሉ አሉ። ከየት ልጀምር?

አጋፋሪ፦

እህቴ፣ ከቀኑ ጀምሪ። መስከረም 1 ቀን 2019 አርብ ነው የሚውለው። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም አርብ ቢውሉ ይበላባቸዋል፤ እንቁጣጣሽ ግን ይጾማል። አርብ ካደረጋችሁት ግማሹ ሰው ዶሮውን እያየ ሽሮ ይበላል። ቅዳሜ ይሁን። የኪራዩ ልዩነት ለ24 ቤት ሲካፈል የሚሰማ አይደለም።

ቀጥሎ «ምን ታመጣላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ዛሬውኑ አጥፊው። ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ቀላሉን ነው የሚመርጠው፤ ሰላጣና ምስር የበዛብሽ ለዚህ ነው። «ምስር ወጥ አመጣለሁ» ያለውም አንዱ ለስድስት ሰው በምትሆን ድስት፣ ሌላው ለሠርግ በሚበቃ በርሜል ይመጣል። መለኪያሽ ትሪ ይሁን። ግማሽ ትሪ የሚባለው የአሉሚኒየም ትሪ 12 በ10 ኢንች ገደማ ነው፤ 2 ኢንች ተኩል የሚጠልቀውን ግዢ። እስከ አፉ ሳይሞላ 3 ሊትር ይይዛል፤ በግማሽ ኩባያ ጭልፋ 25 ሰው ያወጣል። ትሪዎቹን ራስሽ ገዝተሽ ለየቤቱ ባዶውን አድይ። ሰው ባዶ ትሪ ቤቱ ከገባ እሱን መሙላት እንዳለበት ይገባዋል።

ለ24 ቤት እንዲህ ይደለደላል። የጾም 12 ግማሽ ትሪ፦ ምስር ቀይ 3፣ ክክ አልጫ 2፣ ሽሮ 2፣ ጎመን 2፣ ጥቅል ጎመን 2፣ ፎሶልያ 1። ዶሮ ለሦስት ቤት። የበሬ ሥጋ ወጥ 2 ትሪ፣ አንዱ አልጫ ይሁን ለልጆቹ። አይብ 1። ሰላጣ 2 ብቻ፣ ሎሚና ዘይቱም በሰዓቱ እዚያው ይፈሰስበት እንጂ ቤት ተቀላቅሎ ከመጣ ቅጠሉ ይሞታል። ድፎ ዳቦ 2 ቤት። ፍራፍሬ 1። ቡና 1። ይኸው 24 ሞላ።

አንድ ግማሽ ትሪ ለመሙላት ምስር ክክ 1 ኪሎ፣ ሽሮ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ጎመን ግን ሰው የሚሸወድበት ነው፤ ሲበስል መጠኑ ይቀንሳል፣ ጥሬው 3 ኪሎ ያህል ካልሆነ ትሪው አይሞላም። ሽሮ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራልና ቀጠን ተደርጎ ይሠራ፤ ያመጣችው ሰው በፔርሙስ የፈላ ውኃ ትያዝ። ጥቅል ጎመን በተቃራኒው ትሪ ውስጥ ውኃ ያወጣል፤ ከድስቱ ከመገልበጡ በፊት ክዳኑ ተከፍቶ ውኃውን ይጨርስ።

እንጀራን ከመዋጮው አውጪው። ይህ የማልደራደርበት ነው። እንጀራ ለሦስት ቤት ከተሰጠና አንዷ መኪናዋ ከተበላሸ ድግሱ የለም። ደግሞ ያንዷ ንጹሕ ጤፍ፣ የሌላዋ ስንዴ የተቀላቀለበት ይሆንና ስንዴ የማይስማማው ሰው የቱን እንደሚያነሳ አያውቅም። ገንዘብ ሰብስባችሁ ከአንድ ጋጋሪ እዘዙ። ለአዋቂ 2፣ ለልጅ ግማሽ፦ 153 ይሆናል፣ 160 በይ፤ አሥር አሥር በሚታሸገው 16 እሽግ ነው። በበዓል ሳምንት ከመደርደሪያ አገኛለሁ ማለት ቁማር ነው፤ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይታዘዝ፣ ቅዳሜ ጠዋት የተጋገረውን ውሰጂ። ትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበውና ይጣበቃል፤ ሳይበርድ አታሳሽጊ። ፍሪጅ አታስገቢው፣ ይሰነጣጠቃል። መኪና ውስጥ በጠፍጣፋ ይተኛ፣ ከላዩ ምንም አይጫን።

መጠቅለሉ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ይሁን። አንዱን እንጀራ ለሁለት ቆርጠሽ ጠቅልይ፤ ሙሉውን ብትጠቀልዪ ሰው ወስዶ ግማሹን ይተዋል። መጀመሪያ 80ውን ብቻ አዘጋጂ፣ የቀረው በእሽጉ ይቆይ። የአዳራሽ ኤሲ የጥቅሉን ጫፍ ቶሎ ነው የሚያደርቀው፤ ንጹሕ ጨርቅ ይልበስ።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ምግብ ለሚያመጣ ቤት እኩል መዋጮ አይጠየቅም። በየቤቱ የሚመጡ ላጤዎችና ተማሪዎች አሉ አይደል? እንጀራውን፣ ሰሃኑን፣ ውኃና በረዶውን እነሱ ይቻሉ። ሰሃኑ 10 ኢንች የሆነና ጠንካራ ይሁን፤ ስሱ ሰሃን ወጥ ሲፈስበት ይታጠፋል።

ሰዓቱን ስትጽፊ «5 ሰዓት» ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው። እናቶች በሐበሻ አቆጣጠር ቆጥረው 11 ኤኤም ላይ ነው ብለው ይደውሉልሻል። «ከሰዓት በኋላ 5፡00 ፒኤም» ብለሽ ጻፊ። ትሪ የሚያመጡት 5፡00፣ እንግዳው 5፡30፣ ማዕዱ የሚከፈተው 6፡15። የሚያረፍደው ያረፍዳል፤ ግን ወጥ የያዘ ሰው ማርፈድ የለበትም፣ እነሱን ለየብቻ ደውለሽ አሳስቢ። 10 ላይ ቁልፍ ታስረክቢያለሽና ጽዳቱ 9 ላይ ይጀመር፤ የሚያጸዱት አራት ሰዎች ስማቸው ከአሁኑ ይጻፍ።

ባለቁሌት፦

ስለ ዶሮው ልጨምር። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው። ሌላ ምግብ በሽ በሽ ስላለ ለአዋቂ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይበቃል፤ 6 ዶሮ 72 ብልት ይሰጣል። እንቁላሉን 84 አድርጉት፣ ሲላጥ የሚበላሽ አለ፣ ልጆችም እንቁላሉን ይወዳሉ። ሦስቱ ቤቶች ሁለት ሁለት ዶሮ ይያዙ። ለሁለት ዶሮ ቀይ ሽንኩርት 4 ኪሎ፣ በርበሬ ከግማሽ ኪሎ ያልበለጠ፣ የተነጠረ ቅቤ ግማሽ ኪሎ። እዚህ አገር ቢጫውን ሽንኩርት ተዉት። ቀዩን ግዙ።

ሽንኩርቱን በማሽን ስትከትፉ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ እየነካካችሁ ልቀቁት። አንዴ ሞልቶ ከተለቀቀ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጥ የሆነ ሽንኩርት ውኃውን ይተፋና መቁላላቱ ቀርቶ መቀቀል ይሆናል። ዘይት ሳይነካው ውኃው እስኪያልቅ ይቁላላ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ ከአንድ ሰዓት በላይ። የችኮላ ዶሮ ወጥ ሁለት ምልክት አለው፦ መረቁ ከላይ ቀጥኖ ሽንኩርቱ ከታች ቆሞ ይታያል፣ በርበሬውም ጥሬ ጥሬ ይላል። ዶሮው ከገባ በኋላ ይህን ማስተካከል አይቻልም።

አሁን ዋናው። ቅዳሜ የሚበላ ወጥ አርብ ነው የሚሠራው፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው። የምትጾም ሴት ቅቤና ዶሮ የገባበትን ወጥ ጨው ቀምሳ ማስተካከል አትችልም። ስለዚህ ሥራውን ክፈሉት። አርብ ቁሌቱ በዘይት ብቻ ያልቃል፤ እሱን መቅመስ ይቻላል። ቅቤው፣ ዶሮውና መከለሻው ቅዳሜ ጠዋት። ቁሌት ፍሪዘር የሚችል ነገር ስለሆነ ሳምንት ቀድሞ ቢሠራም ጣዕሙ አይጎድልም። ጨውን አርብ ላይ አሳንሱ፤ ዶሮው በሎሚና በጨው ተዘፍዝፎ ስለሚመጣ የራሱን ይዞ ይገባል።

የዚህ አገር ዶሮ ጨቅላ ነው። ከ35 ደቂቃ በላይ ከተንተከተከ፣ አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሙቀት ላይ ሲቀመጥ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፤ ያኔ ብልት የሚባል ነገር የለም፣ ሾርባ ነው። እንቁላሉ ጎን ጎኑ ጫር ጫር ተደርጎ መጨረሻ ላይ ይግባ።

በርበሬውን ከአንድ ቦታ ገዝታችሁ ለሦስት ተካፈሉ። እንዲያም ሆኖ ሦስቱ ወጥ አንድ አይሆንም፣ የእጅ ጉዳይ ነው፤ በምንም ዓይነት አንድ ዕቃ ውስጥ አትገልብጡት። አንዱ ካረረ ሦስቱም ያረረ ይሆናል። ማደያው ላይ ደግሞ ዶሮን ሰው በራሱ እጅ አያንሳ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰዎች ሁለት ሁለት እንቁላልና ፈረሰኛውን ሁሉ ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጠንከር ያለች ሴት ጭልፋ ይዛ ትቁም፣ ዶሮውም የሰልፉ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ እዚያ ሲደርስ ሰሃኑ ሞልቷል።

አደይ_ሜሪላንድ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ቅዳሜ አድርገነዋል። ባለቁሌት፣ ሦስቱ የዶሮ ባለሙያዎች «በርበሬ እናቴ የላከችልኝ አለ» ብለው አንድ ቦታ መግዛቱን እምቢ ብለዋል። ይሁን። አሁን የጨነቀኝ ማሞቂያው ነው። አንድ ሰው ትልልቅ የኤሌክትሪክ ሮስተር (ክዳን ያለው ማብሰያና ማሞቂያ ዕቃ) አራት አለኝ ብሏል። እነሱን ሰክተን ሁሉን ብናሞቅስ?

ቴርሞሜትር_በኪሴ፦

አራቱን አንድ ግድግዳ ላይ ከሰካችኋቸው ወዲያው ብሬከር ይወርዳል። 18 እና 22 ኳርት የሚባሉት ሮስተሮች አብዛኛዎቹ 1450 ዋት ይስባሉ። የ120 ቮልት፣ 15 አምፒር መስመር ጣሪያው 1800 ዋት ነው። ስለዚህ በአንድ መስመር አንድ ሮስተር ብቻ። ሁለት ሶኬት ጎን ለጎን መኖሩ ሁለት መስመር ነው ማለት አይደለም። የብሬከር ሳጥኑን እንዲያሳይሽና የትኛው ሶኬት ከየትኛው እንደሆነ እንዲነግርሽ የአዳራሹን ሰው ቀድመሽ ጠይቂ። ትልቁ የቡና ማፍያም እስከ 1500 ዋት ስለሚሄድ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ቀጭን የቤት ማራዘሚያ ገመድ አትጠቀሙ፤ ይግላል።

ሦስቱን ሮስተር ለዶሮው ስጡት፤ ለቀረው ቼፊንግ ዲሽ፣ ማለትም ከሥሩ ሙቅ ውኃ የሚደረግበት የምግብ ማቆያ፣ እና በቆርቆሮ የሚነድ የጄል እሳት ይሻላል፣ አዳራሹ ክፍት እሳት ከፈቀደ። ይህንንም በጽሑፍ ጠይቂ። አንድ ሙሉ ቼፊንግ ሁለት ግማሽ ትሪ ጎን ለጎን ይይዛል፤ ለ12 የጾምና ለ2 የሥጋ ትሪ 7 ይበቃሻል። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት ቆርቆሮ ጄል። የ2 ሰዓትና የ6 ሰዓት የሚሉ አሉ፣ የ6ቱን ግዢ። ከታች የሚደረገው ውኃ ከቧንቧ የቀዳሽው ቀዝቃዛ ከሆነ እስኪሞቅ ማዕዱ ያልቃል፤ የፈላ ይሁን፣ አንድ ኢንች ያህል።

ቼፊንግ የሞቀን ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘን አያሞቅም። ወጡ ከቤት ሲወጣ የሚንተከተክ መሆን አለበት። ለመንገዱ የበረዶ ኩለር ሙቀትንም ይይዛልና የፈላ ውኃ አፍስሰሽበት አሥር ደቂቃ አቆዪና ድፊው፤ ትሪውን በፎይል አሽገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ክተቺ። የአሉሚኒየም ትሪ መሃሉ ይጎብጣል፤ ከሥሩ የመጋገሪያ ብረት ትሪ ካልተደረገ ሲነሳ ይታጠፍና ወጡ መኪናው ወንበር ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር። «ወጥ በርበሬና ቅቤ ስላለው አይበላሽም» ይባላል። ይበላሻል፣ ሳይኮመጥጥም ሰው ያሳምማል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ መፍላትን ይችላል፤ ትልቅ ድስት ምድጃ ላይ ተከድኖ ሲያድር መሃሉ ለብ ብሎ ለሰዓታት ይቆያልና እዚያ ይራባል። ከተበላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። አርብ የሚያልቀው ቁሌት በድስቱ ሙሉ ፍሪጅ አይግባ፤ 5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ዝርግ ዕቃ ላይ ይገልበጥ፣ ከሥሩ በረዶ ውኃ ይሁን። ልኩ ይህ ነው፦ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በ2 ሰዓት፣ ከ21 ወደ 5 በቀጣዩ 4 ሰዓት። ቅዳሜ ሲሞቅ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፣ በፋረንሃይት 165። አዳራሹ ውስጥ ከ60 በታች፣ በፋረንሃይት ከ140 በታች እንዳይወርድ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሃል ላይ ክተቺ፤ ጠርዙ ሁልጊዜ ይዋሻል።

አይብና ሰላጣ በረዶ በተሞላ ትልቅ ትሪ ላይ ይቀመጡ። ያለ ሙቀትም ያለ በረዶም ጠረጴዛ ላይ 2 ሰዓት ያለፈው ነገር ይጣላል፣ «ወደ ቤት ልውሰደው» የሚል አይጠፋም ግን አይሰጥም። የሚወሰደውን 8 ፒኤም ላይ፣ ገና ትኩስ ሳለ በትንንሽ ዕቃ አካፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ፍሪጅ እኮ አላችሁ።

የሐረር_በር፦

ስለ አራቱ ቤተሰብ የተነሳ የለም፣ እኔ ልበል። ስድስቱንም ዶሮ ሐላል ግዙ የሚል አማካሪ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ችግሩን ከዚያ ወደዚህ ማዞር ነው፤ በእስላም የታረደ የማይበሉ ክርስቲያን አዛውንቶችም ይኖራሉና። ከአራቱ ቤት አንዱን «የሐላል ሥጋ አንድ ትሪ ብትይዙልንስ?» ብለሽ አክብረሽ ጠይቂ። ሌሎቹ ሦስቱ ከጾሙ ይውሰዱ። ትሪው ከሌላው ሥጋ ጎን ሳይሆን በጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ይቀመጥ፣ የራሱ ጭልፋ ይኑረው፣ በትልቁ «ሐላል» ተብሎ ይጻፍ። ጭልፋ ሲቀያየር ነው ሁሉም ነገር የሚበላሸው፤ በትርፍ አምስት ጭልፋ ይኑርሽ፣ የወደቀን አጥቦ ከመጠበቅ ሌላ ማንሳት ይቀላል።

የጾም ምግቡ ለሁሉም የሚሆን ስለሆነ ጠረጴዛው መሃል ላይ ይሁን። ግን «የጾም ሽሮ» ብላ ለጣዕም ቅቤ ጣል የምታደርግ አትጠፋም፤ ቅቤ የገባበት «ቅቤ አለው» ተብሎ ይጻፍበት። ጠጅና ጠላ ካለ ለብቻው ጠረጴዛ፤ አዳራሹ መጠጥ መፍቀዱንም ሳትጠይቂ አታስገቢ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው 7፡20 ፒኤም ገደማ ነው፣ ማዕዱ መሃል ላይ ማለት ነው። ለመግሪብ ሶላት የሚሆን ጸጥ ያለ ጥግ ቀድመሽ ብታሳዪአቸው፣ እነሱ ራሳቸው ባይጠይቁሽም፣ ደስ ይላቸዋል።

ሦስተኛ_በረካ፦

ቡናው። አንድ ጀበና 12 ሲኒ ቢያወጣ ነው። የሚጠጣው 60 ሰው ከሆነ አምስት ጊዜ ይፈላል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዋም ብሬከሩ ላይ ሌላ ሸክም ናት። ጀበናውን ለሥርዓቱ አንድ ጊዜ አፍሉ፣ አዛውንቶቹ ከእሱ ይጠጡ። ለቀረው 300 ግራም ቡና ቤት ተፈልቶ፣ ሰክኖና ተጠልሎ በሁለት ባለ 2 ሊትር ከሩብ ፔርሙስ ይምጣ።

አዳራሹ ውስጥ አትቁሉ። የቡናው ጢስና ዕጣኑ ተደምሮ አላርሙን ያስጮኸዋል፤ የእሳት አደጋ መኪና ደጅ ይቆማል፣ 95 ሰው ሰሃኑን ጥሎ ይወጣል፣ ክፍያም ካለ የተከራዩ ነው። ዕጣኑም ውጭ፣ በር ላይ። ቄጤማው ከሥሩ ላስቲክ ካልተነጠፈ እርጥቡ ሣር ለስላሳ ወለል ላይ ያንሸራትታል፣ 25 ልጅ ደግሞ ይሮጣል። ቡናው ጋ ብቻ ጎዝጉዙት።

አደይ_ሜሪላንድ፦

አዳራሹን ጠየቅኳቸው። ጄል ይፈቀዳል፣ ሻማና ዕጣን አይፈቀድም፣ ከወጥ ቤቱ ውጭ አራት የተለያየ መስመር አለ። የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፦ አንድ ጋሼ «ክትፎ የሌለው በዓል የለም፣ እኔ ይዤ እመጣለሁ» ብለዋል። ምን ልበላቸው?

ቴርሞሜትር_በኪሴ፦

ጥሬውን ከቤት ከትፎ፣ መኪና ውስጥ ይዞ፣ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። የተከተፈ ሥጋ ላዩ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ውስጡ ገብቷል፤ ለብለብም ያው ነው፣ መሃሉ ስለማይበስል። «ጋሼ፣ አዳራሹ ምድጃ ስለሌለው ክትፎውን ቤትዎ መጥተን እንበላለን፣ ለዚህኛው አይቡን እርስዎ ይያዙልን» በያቸው። አይብ ካንቺ ዝርዝር ላይ ማንም አልያዘውም፣ አይደል?

አደይ_ሜሪላንድ፦

አልተያዘም። ተስማምተዋል፤ ግን ጎመኑ ከአይቡ አጠገብ ካልሆነ አላመጣም ብለዋል። አይቡ በረዶ ላይ፣ ጎመኑ እሳት ላይ። እንዴት ነው የሚቀመጡት?

አጋፋሪ፦

ጎመኑ የመጨረሻው ቼፊንግ ላይ፣ አይቡ ከእሱ ቀጥሎ በበረዶው ትሪ፣ በመሃላቸው ደግሞ የታጠፈ ፎጣ።